ሰው የማያውቀን ቦታ

እናቴ ከሏን እንድታወልቅ የተወሰነው ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በፊት ነው፤ የወሰነው ደግሞ እሷ ሳትሆን አጎቴ ነገሳ ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ጥቁሩ ቀሚስ ገላዋ ላይ ሊያልቅ ደርሷል፤ እሷ ግን ዓመቱ ሳይሞላ አላወልቅም ብላ በሚካኤል ምላለች። አጎቴ ሳጥኑን ራሱ ከፈተና ነጩን ቀሚሷን አውጥቶ አልጋው ላይ ዘረጋው። «ለሦስት ቀን ነው። ማክሰኞ ሲነጋ ከልሽን መልሰሽ ትለብሻለሽ» አላት። እናቴ ቀሚሱን ብል በልቶት እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ለብሳው ወጣች። ሰፍቷታል። አጎቴም አያት፣ እሷም ቁልቁል ራሷን አየች። እኔ «በመቀነት ይያዝ» አልኩ። ጸጉሯን ለሐዘን ስለተላጨች ሻሽ እንድታስር ተደረገ። «የሙሽራ እናት መሰልኩ እኮ» አለችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን በዳዳ ኢዶሳ ሐምሌ ላይ ሲሞት ወንድሜ ኃይለ መስቀል ጎሬ አስተማሪ ነበር፤ አሁንም ነው። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ባይቆርጠውም ያው ነው፤ መርዶ በፖስታ አይላክም። ሰው አባቱ መሞቱን የሚሰማው ዘመዱ መሀል ሆኖ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ክንዱን የሚይዘው ሰው ተዘጋጅቶለት ነው። ስለዚህ እስኪመጣ ይቆይ ተባለ። ችግሩ፣ አባዬ በየወሩ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። ይጽፍ ነበር ስል አባዬ ፊደል አልቆጠረም፤ እሱ ይናገራል፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ዲንቄ እጽፋለሁ። አጎቴ «ደብዳቤው ከተቋረጠ ይጠረጥራል፤ እንዳታቋርጪ» አለኝ። አላቋረጥኩም። ከነሐሴ እስከ ጥር ስድስት ደብዳቤ በሟች ስም ጽፌያለሁ። ኃጢአት ይሆን እንዴ ብዬ ነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «ስንት ቀረሽ?» አሉኝ።

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ አባዬ ለደብዳቤ የሚያወጣው ቃል ቁጥር ነበረው። የጨው ዋጋ ጨምሯል። የጎረቤታችን ፍየል አጥሩን ጣሰች። ጥርስህን ካመመህ አስነቅለው፣ አታባብለው። አባትህ በዳዳ። ይኸው ነው። እኔም ጨውን ጨው፣ ፍየሏን ፍየል እያልኩ ቀጠልኩ፤ አንዳንዴ ወረቀቱ ሲተርፍ ከራሴ አንድ ሁለት ቃል ጨምሬ ይሆናል።

የካቲት በገባ በሳምንቱ የኃይሌ ደብዳቤ መጣ። ለአስተማሪዎች ስብሰባ ተጠርቷል። እሑድ ማታ ይገባል፣ ሰኞን ከእኛ ጋር ይውላል፣ ማክሰኞ ከሰዓት ስብሰባውን ተካፍሎ ረቡዕ ወደ ጎሬ ይመለሳል። «የዛሬ አራት ዓመት ስመጣ ከአንበሳ ወደ አንበሳ ስታዞሩኝ ሰነበታችሁ» ይላል። «የስድስት ኪሎውን የሚያገሳውን፣ የለገሃሩን፣ የቴአትር ቤቱን፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አራዳንም ጠግቤያለሁ። አሁን ሰው የማያውቀውን አሳዩኝ። እዚያው ራሳችን ላይ ያለውን ተራራ እንኳ ወጥቼው አላውቅም። የሰኞን ውሎ ዲንቄ ታቅደው።» አጎቴ ይህን ሳነብለት ጭኑን በጥፊ መታ። «ዋቃዮ! እግዜር ነው ያናገረው» አለ።

ደስ ያለው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መርዶው ሰኞ ጎሕ ላይ ሊሆን አይችልም። የአባዬ ታላቅ እህት አክስቴ ኢፍቱ ከሱሉልታ መምጣት አለባት፤ ያለ እሷ መርዶ የለም። እሷ ደግሞ እሑድ የልጅ ልጇን ክርስትና ታስነሣለች፤ የምትደርሰው ሰኞ ማታ ነው። ስለዚህ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ኃይሌ የትም መዋል አለበት፤ አንድም ሰው «እግዜር ያጥናህ» የማይለው ቦታ። ይህ ቀልድ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ የእናቱን ሞት አውቶቡስ ውስጥ ከመንገደኛ አፍ ሰምቶ እዚያው ወደቀ፤ እስከ ዛሬ ምላሱ ይተሳሰራል። እናቴ «ልጄ ብቻውን ቆሞ ከሰማ ሁለተኛ ሬሳ ከዚህ ቤት አወጣሁ ማለት ነው» ብላ እንቅልፍ ካጣች ሳምንት ሆኗታል። ለሰፈሩ መላ ተበጅቷል። ሐምሌ ላይ የአባዬን ሞት የለፈፈው የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ቤት ለቤት ዞሮ አባዬ እስከ ማክሰኞ እንዳልሞተ ተናግሯል። የት ሄደ ቢባል ሱሉልታ ለለቅሶ ሄዷል እንዲባል ተስማምተናል። የቀረው ሰኞ ነው። አጎቴ እርሳስና ወረቀት አስያዘኝና «ሰው የማያውቀው ቦታ ሳይሆን ሰው የማያውቀን ቦታ ምረጪ» አለኝ። መረጥኩ። አንደኛ ዋሻ ሚካኤል፣ ሁለተኛ ኪዳነ ምሕረት ያለችበት የእንጦጦ ጫፍ፣ ሦስተኛ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወርዶ ሻይ መጠጣት። በዚያው ቅዳሜ መንገዱን ራሴ ሄጄበት፣ ሰው የማያውቀን መሆኑን አረጋግጬ እንድመለስ ተላክሁ።

ልቤ ሙሉ ነበር። አባዬ ሃያ ሦስት ዓመት የውሃ ቧንቧ ዘበኛ ሆኖ ከምንጮቹ እስከ ከተማ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ እኔ ቧንቧው የማያልፍበትን መርጫለሁ። ሥራውን ከተወ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ዱላውን ይዞ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ይወጣል፣ ለምሳ ይመለሳል። የት ዋልክ ተብሎ አይጠየቅም። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው፤ ከአሥሩ ስድስቱ ስለ በሩ ነው፣ ዝጉት። እንዲህ ያለ ሰው የት ወዳጅ ያፈራል? ዳገቱ እንዳይከብደኝ ከበሩ ኋላ ዱላውን አንስቼ ወጣሁ። ጫፉ ላይ የቧንቧ ሽቦ የተጠመጠመበት የወይራ ዱላ ነው። አባዬ የተቀበረበትን የየካ ሚካኤልን ግቢ በስተግራ ትቼ፣ በቁጥቋጦውም በባሕር ዛፉም መሀል ሽቅብ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ሰኞም በዚህ በኩል ነው የምንዞረው።

ዋሻ ሚካኤል ጣሪያው ተከፍቶ ሰማይ የሚያይ፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ዝናብ ያቆረው ውሃ አለ። አጠገቡ ባለች ጎጆ አባ ገብረ ክርስቶስ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ይኖራሉ። ተሳልሜ ጨረስኩና ልሄድ ስል «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። በዚህ አገር ሰው ሰላም ከተባለ በኋላ የሚጠየቀው ይኸው መሆኑን እያወቅሁ አለመዘጋጀቴ የራሴ ጅልነት ነው።

«የበዳዳ» አልኳቸው።

«የጨዋታ አዋቂው በዳዳ?»

«አይደለም አባ፤ የእኔ አባት ዝምተኛ ነው።»

«የውሃ ዘበኛው፤ የጎሬው አስተማሪ አባት» አሉ። ከዚያ ስለ ኃይሌ ይነግሩኝ ጀመር። ደሞዙን ያውቃሉ። ጥርሱን ያውቃሉ። ግራጫ በቅሎ እንደገዛ፣ በቅሎዋ ተራጋጭ እንደሆነች፣ ስድስተኛ ክፍል ካስተማራቸው ልጆች ሦስቱ በአንደኝነት እንዳለፉ፣ ሁሉንም። እኔ ያነበብኩለትን ደብዳቤ አባዬ ቃል ሳያስቀር ተራራ ላይ አምጥቶ ሲያወራው ነው የኖረ። «በየማክሰኞው እዚህች ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ዳዊቴን ልድገም ብል እንኳ ፋታ አይሰጠኝም» አሉና ሳቁ። «ምነው ከክረምት ወዲህ ጠፋብኝ? አሞታል?»

ስድስት ደብዳቤ የዋሸሁ ሰው ሰባተኛ መዋሸት አያቅተኝም ነበር። ግን ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሳቸውም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «አርፏል አባ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የሠራሁት ሥራ የታወቀኝ። ሽማግሌው ቆመው ነበር፤ ብቻቸውን ነበሩ፤ ክንዳቸውን የሚይዝ አልነበረም። ሮጬ ደገፍኳቸው። የአባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በነጠላዬ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ሰኞ ልጁ ይመጣል፣ እንዳያውቅ፣ ብዬ የመጣሁበትን ስነግራቸው ተቆጡ። «በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽልሽ ነው?» አሉ። በመጨረሻ ሰኞን ሱባኤ ገብተው በራቸውን ሊዘጉ ተስማማን። ወረቀቴን አወጣሁና አንደኛውን ሰረዝኩ፤ ሱባኤ የገባ ሰውም ሳሉ ያጋልጠዋል።

ከዚያ በጫፍ ጫፉ ወደ ኪዳነ ምሕረት ስሄድ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለማንም አልናገርም። ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ሰባት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን አስደግፈው ያርፋሉ። ሎሚ የምትባል አንዲት ጎልማሳ ሴት ቆሎ ትሸጣለች። የአምስት ሳንቲም ቆሎ ገዛሁና ተቀመጥኩ። ሎሚ ሳንቲሙን አልተቀበለችኝም፤ ዱላዬን ነው የምታየው።

«ይሄ ዱላ የአባ በዳዳ ነው» አለች። «ከየት አመጣሽው?»

ሌባ ያደረገችኝ መሰለኝና ተናደድኩ። «የአባቴ ነው!» አልኳት። አፌን ያዝኩ፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ሰው ዱላውን በቁሙ ለሴት ልጁ እንደማይሰጥ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሎሚ ቁናዋን ደፋች። «ወይኔ አባ በዳዳ! ወይኔ አሸካሚዬ!» ብላ ደረቷን ስትመታ ሰባቱም ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ተነሡ። ለካስ አባዬ ከሰዓት በፊት እዚህ ቆሞ፣ ቁልቁለቱን ለሚወርዱት ሁሉ ሸክም ብድግ አድርጎ ጀርባቸው ላይ ያስቀምጥላቸው ነበር። ቤታችን ውስጥ ባልዲ ውሃ አንስቶ የማያውቅ ሰው! ሐምሌ ላይ አልቅሼ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ተራራ ላይ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሙሾ እየወረደ፣ እንደ አዲስ አለቀስኩ። መንገዱ በእንጨት ተዘግቶ አህያ ነጂዎች ቆመው ጠበቁን፤ ኋላ እነሱም ሰምተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲያበቃ ሎሚ የተደፋውን ቆሎ ለቅማ በነጠላዬ ቋጠረችልኝ። ሰኞ ሰው ይዤ እንደምመጣ፣ እንዳያለቅሱ ስለምናቸው እሺ አሉኝ፣ እያለቀሱ። ሁለተኛውን ሰረዝኩ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስደርስ ፀሐይ አዘንብላለች። ዱላውን ከሻይ ቤቱ ውጭ አጥር ሥር ደብቄ ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሁሴን ሻይ ቀድተው አስር ሳንቲም ሲቀበሉኝ ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«ዲንቄ ነሽ» አሉ። «ደብዳቤ የምትጽፊዋ። አፍንጫሽ ነው ያጋለጠሽ።»

ደከመኝ። ለማን ላርዳ እንግዲህ? ብዬ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። «አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ ቆሜ። ነፍስ ይማር» አሉ። ይህን ያህል ተገላግዬ አላውቅም። ሻዩን ጠጣሁ። ሁለተኛ ቀዱልኝና ገንዘብ እንቢ ብለው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ስል ኖሬያለሁ» አሉ። «ያ ሁሉ የሚለማመደው ነገር ደብዳቤው ላይ ይገባ ነበር?»

«ምን ይለማመዳል?»

«ደብዳቤ ሊያስጽፍ ሲል አንድ ቀን ቀደም ብሎ እዚህ ይመጣል። እዚያ ጥግ ይቀመጥና ይለኛል፤ ልጄ ናፍቀኸኛል ልበለው? ቤቱ ያለ አንተ ጠበበኝ ልበለው? በለው እንጂ እለዋለሁ። ለዲንቄ ንገራትና ትጻፈው። ይሄን ጊዜ ይቆጣል። ሴት ልጄ ፊት እንዲህ እላለሁ እንዴ? አባት አይደለሁም? ይላል።» ጋሽ ሁሴን ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። «ታዲያ ምን ብሎ ያስጽፍሽ ነበር?»

«የጨው ዋጋ ጨምሯል» አልኳቸው።

ሦስተኛውን ልሰርዝ እርሳሴን አነሣሁና እጄ እንቢ አለኝ፤ ኋላ ግን ሰረዝኩት። ዱላውን ከአጥሩ ሥር አንስቼ እስከ አራት ኪሎ በአስራ አምስት ሳንቲም አውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ፣ አንድም ሰው ሳያውቀን የምንውልበት ቦታ ሳላገኝ ቤቴ ደረስኩ።

በሩ ላይ ስደርስ የብዙ ወንዶች ድምፅ ሰማሁ፤ ዱላውን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ኃይሌ በቡና ጭነት መኪና ተሳፍሮ አንድ ቀን ቀድሞ መጥቷል። ከስቷል፤ ጥርሱንም አስነቅሏል። እናቴ ነጩን ቀሚስ ጠዋት እንደለበሰችው ነበር፤ ኃይሌ ከጎኗ ተቀምጦ እጇን ይዟል፣ እሷም መቀነቷን በሌላ እጇ ታጠብቃለች። አጎቴ ግንባሩ በላብ ርሷል። ኃይሌ አባቱ የማን ለቅሶ እንደሄደ ጠይቆ፣ አጎቴ አንድ ስም፣ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ሌላ ስም ስለጠሩ፣ እኔ ስደርስ ሱሉልታ ላይ ሁለት ሰው ሞቶ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ጎሬ ዝናብ ይጠይቃል። ዝናቡ ተነግሮ ሲያልቅ አንዱ እንደገና ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። ኃይሌ አቅፎ ሳመኝና «ነይ የሰኞን ውሎ ንገሪኝ» ብሎ ወደ ጓሮ ይዞኝ ወጣ። አጎቴ ከኋላው በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ፍየሏ የጣሰችው አጥር ጋ ቆምን። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ሦስቱም ተሰርዘዋል። ምን ብዬ እንደምዋሽ ሳስብ እሱ ከነጠላዬ ሥር ያለውን እጄን ተመለከተ።

«ዱላውን ደብቂው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጋሼ ነገሳ ይዘሽው እንደዞርሽ ካየ ይደነግጣል።»

«ታውቃለህ?» አልኩት።

«ከኅዳር ጀምሮ።»

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ።» ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የራሴ ጽሕፈት ነው። «ጨው አለ፣ ፍየል አለ፣ ጥርስ አለ። ከሥሩ፣ ‹ልጄ ናፍቀኸኛል›። አባዬ ይህን ብሎ ያውቃል? ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ልጆቹን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። መርዶ በፖስታ ላክሽልኝ፣ ዲንቄ።»

ሰባት ወር የተጠነቀቅንለት፣ እናቴ እንቅልፍ ያጣችለት፣ ያ የፈራነው ነገር፣ ብቻውን፣ ማንም ክንዱን ሳይዘው፣ በእኔ እጅ ደርሶበታል። «ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«አውቄያለሁ ካልኩ ደብዳቤው ይቀርብኛል» አለ። ደብዳቤውን መልሶ አጠፈ። «ለእነሱ እንዳትነግሪ። ማክሰኞ ያርዱኝ። እማዬ ነጭ ለብሳልኛለች፣ ጋሼ ነገሳ ሁለት ሰው ገድሎልኛል፤ አናሳፍራቸውም። ጎሬ ላይ በወጉ አላለቀስኩም፤ እነሱ መሀል አለቅሳለሁ።» ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ናፍቀኸኛል ያለኝ አንቺ ነሽ አይደል?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ያለው ግን እሱ ነው።»

«አታባብይኝ።»

«በሚካኤል! ዛሬ ነው የሰማሁት። በየወሩ አንድ ሻይ ቤት ሄዶ ይለማመደው ነበር፤ እኔ ፊት ማለት አፍሮ ነው። ልጄ ናፍቀኸኛል፣ ቤቱ ያለ አንተ ጠበበኝ ይል ነበር። የሰማው ሰው አለ።»

ከቤት ውስጥ አጎቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ጎሬ ዝናብ ለሁሉም ያስረዳል፤ እሱ ጎሬን አይቶ አያውቅም።

«የት ነው ሻይ ቤቱ?» አለ ኃይሌ።

«ፈረንሳይ ለጋሲዮን። ሦስተኛ ላይ ነበር።»

«አንደኛ አድርጊው» አለኝ።

ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ አጥሩ ላይ አስደግፌ የሰረዝኩትን እንደገና ጻፍኩት።